ኢንጂኑ ጥልቀት 42 ደርሶ የ12 እርምጃ ቼክሜት ለምን ሳተ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂያችን ነጭ ጀምሮ በ12 እርምጃ ቼክሜት የሚያደርግበት እንቆቅልሽ አግኝተው ስቶክፊሽ ለሚባለው ኢንጂን፣ ማለትም ቼዝ ለሚጫወት ፕሮግራም፣ ሰጡት። መፍትሔው የሚጀምረው ንግሥትን በመሠዋት ሲሆን ሦስተኛው እርምጃ ግን ቼክም መብላትም የሌለበት፣ ነጭ ንጉሡን አንድ ቤት ብቻ የሚያዛውርበት ጸጥ ያለ እርምጃ ነው። ኢንጂኑ ጥልቀት 42 እስኪደርስ ድረስ በሌላ እርምጃ ላይ ተተክሎ «ነጭ በ6 ነጥብ ይበልጣል» ሲል ቆየ፤ ከዚያ በድንገት «ቼክሜት በ19» አለ፤ ቆይቶ ወደ 14 ዝቅ አደረገው፤ 12ን ግን ጨርሶ አላሳየም። 12 እርምጃ የነጭንና የጥቁርን ተራ ለየብቻ ብንቆጥር 23 ግማሽ እርምጃ ነው፤ ታዲያ 42 ደርሻለሁ የሚል ፕሮግራም 23ኛው ላይ ያለውን እንዴት ያጣል? ኢንጂኖችስ ማምለጫ የሌለውን ረጅም ቼክሜት የሚፈልጉት በምን ዘዴ ነው?

ከሁሉ በፊት ሁለት ሥራዎችን መለየት ይገባል። እንደ ስቶክፊሽ ያለ የጨዋታ ኢንጂን የተሠራው «ከእነዚህ እርምጃዎች የትኛው ይሻላል?» የሚለውን እንዲመልስ ነው፤ «እዚህ አቋም ላይ ቼክሜት አለ ወይስ የለም?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። ለመጀመሪያው ጥሩ ግምት ይበቃል፤ ለሁለተኛው ማስረጃ ያስፈልጋል፤ የማስረጃው ሸክም ደግሞ በሁለቱ ተጫዋቾች ላይ እኩል አይወድቅም። አጥቂው በየተራው አንድ ትክክለኛ እርምጃ ማግኘቱ ይበቃዋል፤ የተከላካዩ መልሶች ግን አንድም ሳይቀር መዘጋት አለባቸው። ከእነሱ አንዷ እንኳ ሳትታይ ከቀረች ቼክሜቱ ተስፋ ነው እንጂ አልተረጋገጠም።

ይህን በቅርብ ለማየት ብዙዎቻችን ቼዝ ስንማር የምናገኘውን፣ ንጉሡ በገዛ ሠራዊቱ ታፍኖ የሚሞትበትን አቋም እንውሰድ። የጥቁር ንጉሥ ኤች 8፣ በሰንጠረዥ ደር የምንለው ሩኩ ዲ 8፣ ንግሥቱ ኤ 5፣ ወታደሮቹ ጂ 7 እና ኤች 7 ላይ ናቸው። የነጭ ንግሥት ሲ 4፣ ፈረሱ ጂ 5፣ ንጉሡ ጂ 1 ላይ ሲሆኑ ሦስት ወታደሮች ከንጉሡ ፊት ኤፍ 2፣ ጂ 2 እና ኤች 2 ላይ ቆመዋል። ነጭ ፈረሱን ኤፍ 7 ላይ አሳርፎ ቼክ ይላል፤ የጥቁር መልስ አንድ ብቻ ነው፣ ንጉሡን ወደ ጂ 8 ማዛወር። ፈረሱ ቀጥሎ ወደ ኤች 6 ሲሄድ ከራሱም፣ መንገዷ ከተከፈተላት ንግሥትም ድርብ ቼክ ይሆናል፤ አሁን መልሱ ሁለት ነው። ንጉሡ ወደ ኤፍ 8 ቢሸሽ ንግሥቲቱ ኤፍ 7 ላይ ወዲያው ትጨርሰዋለች፤ ወደ ኤች 8 ቢመለስ ነጭ ንግሥቱን ጂ 8 ላይ ይሠዋታል። ፈረሱ ስለሚጠብቃት ንጉሡ ሊበላት አይችልም፤ ሩኩ ግድ ይበላታል፤ ፈረሱም ኤፍ 7 ላይ ተመልሶ ቼክሜት ያደርጋል። የጥቁር መልሶች በየተራው ሲቆጠሩ 1፣ 2፣ 1 እና በመጨረሻ 0 ናቸው። ሙሉው ማስረጃ ዘጠኝ እርምጃዎች ብቻ ያሉት ዛፍ ነው፤ በብጣሽ ወረቀት ይጻፋል።

አሁን ይህን ወደ ጠያቂያችን 12 እርምጃ እናሳድገው። በመካከለኛው ጨዋታ አንድ ተጫዋች በአማካይ ወደ 35 የሚጠጉ ሕጋዊ እርምጃዎች አሉት። 23 ግማሽ እርምጃዎችን ያለ ምርጫ ሁሉንም እናያለን ብንል የቅርንጫፎቹ ብዛት 1 ተጽፎ 35 ዜሮዎች ከሚከተሉት ቁጥር ይበልጣል። ውጤቱን የማይለውጡ ቅርንጫፎችን ሳያይ የሚቆርጠው፣ አልፋ-ቤታ የሚባለው ዘዴ፣ አጥቂው ትክክለኛውን እርምጃ ሁልጊዜ ቀድሞ ቢሞክር፣ የሚቀረው የተከላካዩ 11 መልሶች ብዜት ብቻ እንዲሆን ያደርጋል፤ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ክኑዝ እና ሮናልድ ሙር እ.ኤ.አ. በ1975 በዝርዝር የተነተኑት ይህንኑ ነው። እሱም ቢሆን 35 አሥራ አንድ ጊዜ በራሱ ሲባዛ 1 ተጽፎ 17 ዜሮ የሚከተለው ያህል ነው፤ በሰከንድ 10 ሚሊዮን አቋም የሚያይ ኮምፒውተር ከ300 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ነገር ግን እያንዳንዱ የነጭ እርምጃ ቼክ ሆኖ ጥቁርን በአማካይ ሁለት መልስ ብቻ ቢተውለት ቁጥሩ 2,048 ይሆናል። የረጅም ቼክሜት ፍለጋ ሁሉ በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለ ትግል ነው። እርስዎን ያስቸገረው ያ ጸጥ ያለ የንጉሥ እርምጃም የከበደው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከቼክ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት መልስ የነበረው ጥቁር በአንድ ጊዜ ሠላሳ መልስ ያገኛል፤ ሠላሳውም መዘጋት አለበት።

የጨዋታ ኢንጂን ቼክሜትን እንደ ማንኛውም ነገር በነጥብ ነው የሚይዘው። በስቶክፊሽ የቼክሜት ዋጋ 32,000 ነው፤ ከዚያ ላይ እስከ ቼክሜቱ ያሉት ግማሽ እርምጃዎች ይቀነሳሉ። ከላይ ያየነው የፈረስ ቼክሜት በሰባተኛው ግማሽ እርምጃ ስለሚሆን 31,993 ያገኛል፤ በዘጠነኛው የሚሆን 31,991። በዚህ ቀላል ቅነሳ ምክንያት ኢንጂኑ ከሁለት ቼክሜቶች አጭሩን ይመርጣል፤ ሲሸነፍም የሚረዝመውን ይመርጣል። ሌላም ጥቅም አለው፤ በሰባት ግማሽ እርምጃ የሚያልቅ ቼክሜት አንዴ ከተገኘ፣ ከዚያ ጥልቀት በታች የሚወርድ ማንኛውም ቅርንጫፍ የተሻለ ሊያመጣ ስለማይችል ወዲያው ይቆረጣል።

እዚህ ላይ አንድ ስስ ቦታ አለ። ኢንጂኑ ያያቸውን አቋሞች ሃሽ ቴብል በሚባል ማስታወሻ ያስቀምጣል፤ አንድ አቋም ግን በተለያየ መንገድ፣ በተለያየ ጥልቀት ሊደረስበት ይችላል። ስለዚህ የቼክሜቱ ርቀት ሲቀመጥ ከዚያው አቋም ተነሥቶ፣ ሲወጣ ደግሞ ከፍለጋው መነሻ ተነሥቶ መቆጠር አለበት። ከዓመታት በፊት አንድ አነስተኛ ኢንጂን ስጽፍ ይህን ማስተካከያ ዘልዬው ነበር። በንጉሥና በሩክ ብቸኛ ንጉሥን ማሸነፍ ነበረበት፤ «ቼክሜት በ3» ይላል፣ ይጫወታል፣ እንደገና «ቼክሜት በ3» ይላል፤ ሩኩ ወዲህና ወዲያ እየተመላለሰ ጨዋታው፣ መብላትም የወታደር እርምጃም ሳይኖር 50 እርምጃ ካለፈ አቻ ነው በሚለው በ50 እርምጃ ሕግ አቻ ወጣ። ስህተቱ አንድ የመደመር ምልክት ነበር፤ ለማግኘት ግን ሦስት ምሽት ወስዶብኛል። ኢንጂን የሚጽፍ አንባቢ ካለ ቼክሜት እያየ የማይጨርስ ፕሮግራም ሲገጥመው ከሁሉ በፊት እዚያ ቦታ ላይ ይመልከት።

ወደ ዋናው እንመለስ፤ «ጥልቀት 42» ማለት ምን ማለት ነው? 42 ግማሽ እርምጃ ድረስ ያለው ሁሉ ታይቷል ማለት አይደለም። ኢንጂኑ ፍለጋውን በዙር በዙር እያጠለቀ ይሄዳል፤ 42 የዙሩ መጠሪያ ነው። በዚያ ዙር ውስጥ ተስፋ የሚጣልባቸው መስመሮች ከ42ም አልፈው ይታያሉ፤ በብዙ ፕሮግራሞች ከጥልቀቱ ጎን በእዝባር ተለይቶ የሚታየው ሁለተኛ ቁጥር ይህን የመጨረሻ ርቀት ያሳያል። ተስፋ የማይጣልባቸው ግን ከ42 በብዙ ባነሰ ጥልቀት ይታለፋሉ። በእያንዳንዱ አቋም እርምጃዎቹ በወረፋ ይሰለፋሉ፤ በሃሽ ቴብል ቀድሞ የተመረጠው እርምጃ ይቀድማል፣ መብላቶች ይከተላሉ፣ ከዚያ በሌሎች ቅርንጫፎች ጥሩ ሆነው የተገኙት ይመጣሉ፤ የቀሩት ጸጥ ያሉ እርምጃዎች ከኋላ ናቸው። ከኋላ የቆመ እርምጃ ጥልቀቱ እየተቀነሰ ይፈተሻል፤ በዚያች አጭር እይታ ራሱን ካላሳየ ዳግመኛ ዕድል የሚያገኘው በሌላ ዙር ነው። ንግሥቷን የሠዋ ነጭ ሠራዊቱ ጎድሎ፣ ቼክ ሳይል፣ ንጉሡን አንድ ቤት ሲያንቀሳቅስ በዚህ ወረፋ የት እንደሚቆም ለመገመት አያስቸግርም። በዚያ ላይ ቅነሳው በአንድ ቦታ አያቆምም፤ በመስመሩ ላይ እንዲህ ያለ እርምጃ ሁለት ሦስት ጊዜ ከመጣ ቅነሳዎቹ ተደራርበው ከ42 ላይ የሚተርፈው እጅግ ጥቂት ይሆናል።

ሁለተኛው ምክንያት ባዶ እርምጃ የሚባለው ዘዴ ነው። ዶን ቢል እ.ኤ.አ. በ1989 ያጠናው፣ ክርስቲያን ዶኒንገር በ1993 ይበልጥ ያስፋፋው ይህ ዘዴ በጣም ብልህ ነው፤ ኢንጂኑ «ተራዬን ብተወውና ተጋጣሚዬ ሁለት ጊዜ ቢጫወት እንኳ ደህና ነኝ» ካለ፣ ቅርንጫፉን ሳይመረምር ይተወዋል። በተራ ጨዋታ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይሠራል፤ መጫወት አለመጫወትን ይበልጣልና። ነገር ግን ዙግዝዋንግ በሚባለው ሁኔታ ተከላካዩ የሚሞተው መጫወት ስላለበት ብቻ ነው፤ ተራውን ቢተው ደህና ነበር። ባዶው እርምጃ ደህና ነህ ይለዋል፤ ቼክሜቱም ከነቅርንጫፉ ይጣላል። ለዚህ ነው ጥንቃቄ የተሞላባቸው ኢንጂኖች ባዶ እርምጃውን በአንዳንድ ሁኔታዎች የሚከለክሉት ወይም ውጤቱን በሌላ ፍለጋ ደግመው የሚያረጋግጡት። የእንቆቅልሽ ደራሲዎች ደግሞ ዙግዝዋንግን ይወዱታል፤ ብዙ ውብ እንቆቅልሾች የቆሙት በእሱ ላይ ነው።

በተቃራኒው ጎን ኢንጂኖች የሚያራዝሙበትም ዘዴ አላቸው። ቀደም ባሉት ዘመናት እያንዳንዱ ቼክ አንድ ግማሽ እርምጃ ተጨማሪ ጥልቀት ያስገኝ ነበር። ዲፕ ብሉ ከተባለው የቼዝ ኮምፒውተር በፊት የነበረውን ዲፕ ቶውትን የሠሩት አናንታራማን፣ ካምቤል እና ሹ ደግሞ ከሌሎቹ ሁሉ በግልጽ የሚበልጥ ነጠላ እርምጃ ያለበትን አቋም ለይቶ የማራዘም ሐሳብ አመጡ፤ ስቶክፊሽም እስካሁን በራሱ መልክ ይጠቀምበታል። የፈረሱ ቼክሜት ዓይነት መስመሮች በሰከንድ ክፍልፋይ የሚገኙት በእንዲህ ዓይነት ማራዘም ጭምር ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ነጥብ ሁሉም ተጠቃሚ ልብ እንዲለው እፈልጋለሁ። በደንብ የተጻፈ ኢንጂን «ቼክሜት በ19» ሲል ቃሉ ከሞላ ጎደል የታመነ ነው፤ ለተከላካዩ የሞት ውጤት ከመስጠቱ በፊት መልሶቹን ሁሉ እንዲያይ ተደርጎ ይጻፋልና። «ቼክሜት የለም» ግን አይልም፤ ዝም ነው የሚለው፤ ዝምታው ደግሞ ምንም አያረጋግጥም። 19ም ቢሆን «ከ19 አይበልጥም» ማለት እንጂ «19 ነው» ማለት አይደለም። በእርስዎ አቋም የሆነው ይህ ይመስለኛል፤ ኢንጂኑ ንግሥት የማይሠዋበት፣ በቼክና በመብላት የሚሄድ ረጅም መንገድ አገኘና 19 አለ፤ ያንኑ መንገድ ሲያሳጥር 14 ደረሰ፤ 12 ያለው ግን በዚያ መንገድ ላይ አይደለም፤ ጸጥ ያለው እርምጃ ካለበት ከሌላው ቅርንጫፍ ነው። 14 በእጁ ከገባ በኋላ ደግሞ ያን ቅርንጫፍ ለመፈተሽ የሚያነሣሣው ትርፍ ሁለት እርምጃ ብቻ ነው። ፍለጋው በብዙ የፕሮሰሰር ክሮች ሲካሄድ ውጤቱ በየጊዜው ስለሚለያይ፣ ያው አቋም ነገ በሌላ ደቂቃ ሌላ ቁጥር ቢያሳይዎት አይገረሙ።

ለቼክሜት ብቻ የተሠሩ ፕሮግራሞች ታሪካቸው ከጨዋታ ኢንጂኖች ታሪክ አያንስም። ዲትሪክ ፕሪንትስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1951 በማንችስተር ፌራንቲ ማርክ 1 በተባለው ኮምፒውተር ላይ ያስኬደው ፕሮግራም ሙሉ ቼዝ መጫወት አይችልም ነበር፤ የሚፈታው የሁለት እርምጃ ቼክሜት ብቻ ነበር፤ ለአንድ እንቆቅልሽም ወደ 15 ደቂቃ ፈጀበት። ካስሊንግንም የወታደርን ሹመትም አያውቅም፤ ቼክሜትን ከስቴልሜት፣ ማለትም ንጉሡ ቼክ ሳይባል ሕጋዊ እርምጃ በማጣት ከሚመጣው አቻ፣ አይለይም። መርሁ ግን እስካሁን የሚሠራው ነው፤ ምንም ሳይዘሉ ሁሉንም ማየት። በዚህ መስመር የሄደው የሃይነር ማርክሰን ቼስት በመጀመሪያ በአንድ እርምጃ፣ ከዚያ በሁለት፣ ከዚያ በሦስት እያለ ይወጣል። እንዲህ ያለ ፕሮግራም በ11 የለም ካለ በእርግጥ የለም። ዋጋው ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ እርምጃ የሥራ ጊዜውን ብዙ እጥፍ ያደርገዋል።

ሌላው መንገድ በጣም የምወደው ነው። ቪክቶር አሊስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1994 ያሳተሙት የማረጋገጫ ቁጥር ፍለጋ ነጥብ አይሰጥም፤ «ይህን ቅርንጫፍ ለማረጋገጥ ቢያንስ ስንት አቋም መዝጋት ይቀረኛል?» ብሎ ብቻ ይጠይቃል። ነጭ በሚጫወትበት አቋም የሚወሰደው ከልጆቹ ትንሹ ቁጥር ነው፤ አንዱ ይበቃዋልና። ጥቁር በሚጫወትበት ግን የሁሉም ድምር ነው። ነጭ ሦስት ቼኮች አሉት እንበል፤ የመጀመሪያው ለጥቁር አንድ መልስ፣ ሁለተኛው አራት፣ ሦስተኛው ዘጠኝ ይተዋል። ፍለጋው በመጀመሪያው ይገባል። ከዚያ ብቸኛ መልስ በኋላ ነጭ ያለው ጠባቡ ቼክ እንኳ ስድስት መልስ የሚተው ከሆነ፣ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ቁጥር ከ1 ወደ 6 ይወጣል፤ ፍለጋውም ያን ጊዜውኑ ትቶት አራት ወዳለው ሁለተኛው ይሻገራል። ጥልቀት የሚባል ገደብ ስለሌለ፣ መንገዱ ጠባብ እስከሆነ ድረስ እጅግ ሩቅ ይሄዳል። ከዚሁ ቤተሰብ የሆኑ ዘዴዎች ሾጊ በሚባለው የጃፓን ቼዝ ከአንድ ሺህ ግማሽ እርምጃ በላይ የሚረዝሙ የቼክሜት እንቆቅልሾችን ፈትተዋል፤ እዚያ አጥቂው በየተራው ቼክ እንዲል የእንቆቅልሹ ሕግ ስለሚያስገድደው ዘዴውና ጨዋታው በጣም ይስማማሉ። በቼዝ ግን ጸጥ ያለ እርምጃ ይፈቀዳል፤ ሠላሳ መልስ የሚተው እርምጃ ድምሩ ሠላሳ ስለሚሆን ፍለጋው ወደ እሱ የሚመጣው ጠባቦቹን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው። የሚያገኘው ቼክሜትም አጭሩ ለመሆኑ ዋስትና የለውም።

ጥቂት ቁሳቁስ ሲቀር አቅጣጫው ይገለበጣል። ቴብልቤዝ፣ ማለትም ጥቂት ቁራጭ የቀረባቸው አቋሞች ሁሉ ውጤት ተሰልቶ የተመዘገበበት ስብስብ፣ የሚሠራው ከቼክሜት አቋሞች ተነሥቶ ወደ ኋላ እየቆጠረ ነው፤ አንድ እርምጃ የሚርቁት ይመዘገባሉ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት፣ የሚጨመር እስኪጠፋ ድረስ። በሞስኮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሎሞኖሶቭ ሱፐርኮምፒውተር እ.ኤ.አ. በ2012 የተጠናቀቀው ባለ ሰባት ቁራጭ ስብስብ በ549 እርምጃ የሚያልቅ ቼክሜት አሳይቷል፤ ንግሥትና ወታደር በሩክ፣ በቢሾፕና በፈረስ ላይ። ከፊት ተነሥቶ የሚፈልግ ማንኛውም ኢንጂን ይህን በራሱ አያገኘውም። በሰፊው የምንጠቀምበት ሲዚጂ የተባለው የሮናልድ ደ ማን ቴብልቤዝ ግን የሚመዘግበው እስከ ቼክሜት ያለውን ርቀት አይደለም፤ ማሸነፍ መቻሉንና የ50 እርምጃ ቆጠራውን የሚያስጀምረው መብላት ወይም የወታደር እርምጃ እስኪመጣ ያለውን ርቀት ነው። ሲዚጂ የተጫነበት ኢንጂን በስድስት ቁራጭ አቋም ላይ የቼክሜት ቁጥር ከማሳየት ይልቅ አንድ ትልቅ ነጥብ ይዞ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው፤ ስህተት አይደለም።

ለእርስዎ አቋም የምመክረው ይህን ነው። በመጀመሪያ ኢንጂኑ በአንድ ጊዜ የሚያሳያቸውን መስመሮች ብዛት ከአንድ ወደ አምስት ወይም ስድስት ያሳድጉ፤ ከመነሻ እርምጃዎቹ አንዱ ብቻ ሳይሆን ያን ያህሉ በሙሉ ጥልቀት እንዲታዩ ስለሚያደርግ የንግሥቲቱ መሥዋዕትነት ከወረፋው ጀርባ የመቀበር ዕድሉ ይቀንሳል። ለሃሽ ቴብሉም የሚችሉትን ያህል ማህደረ ትውስታ ይስጡት። ቀጥሎ ሦስቱን እርምጃዎች በእጅዎ ተጫውተው ከጸጥተኛው እርምጃ በኋላ ያለውን አቋም ኢንጂኑ እንዲመረምር ያድርጉ፤ ከዚያ የሚቀረው ዘጠኝ እርምጃ ብቻ ስለሆነ ቼክሜቱን ቶሎ ሊያየው ይችላል። ሃሽ ቴብሉን ሳያጸዱ አንድ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይመለሱ፤ በማስታወሻው የተቀመጠው ቼክሜት ወደ መነሻው ይወጣል። በስቶክፊሽ ቼክሜት በ12 ፈልግ የሚለውን ትእዛዝ መስጠት ግን የፍለጋውን መንገድ አይለውጥም፤ 12 ሲገኝ እንዲያቆም ብቻ ነው የሚያደርገው።

እንቆቅልሹ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ከፈለጉ ደግሞ፣ ማለትም በ11 እንደማያልቅና ሌላ የመጀመሪያ እርምጃ እንደማይሠራ፣ ይህን ስቶክፊሽ ሊነግርዎት አይችልም። ቼስትን የመሰለ ምንም የማይዘል ፈቺ ይጠቀሙ፤ በ11 ፈልግ ብለው ይጀምሩት፣ ቁራጮቹ ብዙ ከሆኑ ሌሊቱን ሙሉ ይተዉት። ጠዋት «የለም» ብሎ ካገኙት፣ በ12 ሁሉንም የመጀመሪያ እርምጃዎች እንዲፈትሽ አዝዘው ከንግሥቲቱ መሥዋዕትነት ሌላ የሚያወጣው እንዳለ ይመልከቱ።